ማርታ ዋሽንግተን ስትሞት በባርነት የነበሩትን ሰዎች ለአራት የልጅ ልጆች እንዴት አካፈሏቸው? የውርስ ሕግ የምታውቁ ግቡ

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ ኖርዘርን ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ የጆርጅ ዋሽንግተን ቤትና እርሻ የነበረው ማውንት ቨርነን ቅርባችን ስለሆነ ከአገር ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር የምንወስደው እዛ ነው። ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት፣ ትምህርት ቤት ጆርጅ ዋሽንግተን በኑዛዜው ባሪያዎቹን ነጻ አወጣ ብለው አስተምረዋታል፣ እዛ ግቢ ያለው ጽሑፍ ላይ ግን ከግማሽ የሚበልጡት ነጻ አልወጡም ይላል። «ነጻ ይውጡ ብሎ ከጻፈ ለምን አልወጡም?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ። የሚስቱ የማርታ ናቸው ይላል፣ እሺ የሚስቱ ከሆኑ ሚስቱስ ለምን አልፈታቻቸውም? እሷ ስትሞት ደግሞ ለአራት የልጅ ልጆች ተከፋፈሉ ይላል። ሰው እንዴት ነው ለአራት የሚካፈለው? ማለቴ በተግባር፣ ማነው ቁጭ ብሎ አንቺ ወደዚህ አንተ ወደዚያ የሚለው? ሕግ የምታውቁ ወይም ታሪኩን ያነበባችሁ በደንብ አስረዱኝ፣ ለልጄ እውነቱን ነው መንገር የምፈልገው።

ሸዋ_በር፦
እኔም ይሄ ጥያቄ አለኝ ተከታትያለሁ

ጡረተኛው_ዳኛ፦
ልጄ ጥያቄሽ ትልቅ ጥያቄ ነው። አገር ቤት ብዙ ዘመን የውርስ ክርክር ስሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ እዚህ ልጆቼ ጋ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ ይሄን ጉዳይ ስከታተለው ቆይቻለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ነገሩ ከዋሽንግተን አይጀምርም፣ ከማርታ የመጀመሪያ ባል ነው የሚጀምረው። ዳንኤል ፓርክ ከስቲስ ይባላል፣ ሀብታም የትምባሆ ገበሬ ነበር፣ በ1757 ሳይናዘዝ ሞተ። የተወው ወደ 17,500 ኤከር መሬትና 300 የሚጠጉ ባሪያዎች ነው፣ ሁለት ሕጻናት ልጆችም ነበሩት። በቨርጂኒያ ሕግ ባል ሳይናዘዝ ሲሞት ሚስት ሲሶውን ታገኛለች፣ እሱንም ግን በሕይወት እስካለች ድረስ ልትጠቀምበት ብቻ ነው። እኛ ፍርድ ቤት የአላባ መብት የምንለው ነው። ፍሬውን ትበያለሽ፣ ዋናውን ግን አትሸጪም፣ አታወርሺም፣ ነጻም አታወጪም። አንቺ ስትሞቺ ዋናው ወደ ሟቹ ወራሾች ይመለሳል። ባሪያ ደግሞ እንዴት ከመሬቱ ጋር አብሮ በዚህ ሕግ ስር ገባ ብትዪ፣ የ1705 የቨርጂኒያ ሕግ ለውርስ ጉዳይ ባሪያን እንደ መሬት የማይንቀሳቀስ ንብረት አድርጎ ስለደነገገ ነው።

ማርታ በ1759 ጥር ወር ዋሽንግተንን ስታገባ በዚህ መንገድ ከ80 በላይ ሰዎች ይዛ መጣች። የእሷ አይደሉም፣ የዋሽንግተንም አይደሉም፣ የሟቹ ልጆች ንብረት ናቸው፣ ጉልበታቸው ግን ማውንት ቨርነን ይሠራል። ከዛ ወለዱ። ቨርጂኒያ ከ1662 ጀምሮ ልጅ የእናቱን ሁኔታ ይከተላል የሚል ሕግ ነበራት፣ ስለዚህ አባት ማንም ይሁን ማን እናቲቱ የከስቲስ ውርስ ከሆነች ልጇም የከስቲስ ውርስ ነው። ሰማንያ ምናምኑ በአርባ ዓመት ውስጥ 153 ሆነ። ዋሽንግተን ከእነሱ አንዱን ነጻ ላውጣ ቢል ዋጋውን ለከስቲስ ወራሾች መክፈል ነበረበት። ማርታ ለምን አልፈታቻቸውም ላልሽው መልሱ ይሄው ነው፣ ሥልጣኑ አልነበራትም።

መዝገብ_ፈላጊ፦
ጋሽ ዳኛ ያሉት ላይ ልጨምር። ዋሽንግተን በ1799 ክረምት፣ ኑዛዜውን በጻፈበት ሰሞን በራሱ እጅ የጻፈው ሊስት አለ፣ ኦንላይን ሙሉውን ማየት ይቻላል። አምስቱን እርሻዎች ሁሉ አንድ በአንድ ሄዶባቸዋል፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ ከማን ጋር እንደተጋቡ። አጠገቡ ሁለት አምድ አለ፣ አንዱ የእሱ ስም ምህጻረ ቃል ሌላው የሚስትየው ድርሻ የሚል። የሚያመው እሱ ነው። ባል በዚህኛው አምድ ሚስት በዛኛው አምድ፣ ልጆች በሙሉ ከእናታቸው ጋር በዛኛው። በጠቅላላ 317 ሰው ነው፣ ከ120 በላይ የሚሆኑት የራሱ፣ 153ቱ የከስቲስ፣ ወደ 40 የሚሆኑት ደግሞ ከጎረቤት በኪራይ የያዛቸው።

በኑዛዜው ላይ የራሱ የሆኑት ማርታ ከሞተች በኋላ ነጻ ይውጡ አለ፣ አሁኑኑ ያላለበትን ምክንያትም ጽፎታል፣ ከከስቲሶቹ ጋር በጋብቻ ስለተሳሰሩ መለያየቱ ከባድ ሀዘን ያመጣል ብሎ። ሀዘኑ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ወዲያው ነጻ የወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ በአብዮቱ ጦርነት ሁሉ ከጎኑ ያልተለየው ዊልያም ሊ፣ በዓመት 30 ዶላርም ተቆረጠለት።

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በጣም ነው የገባኝ። ግን ማርታ እስክትሞት ሳይጠብቁ 1801 ላይ ነጻ ወጡ የሚል አንብቤያለሁ እሱስ?

መዝገብ_ፈላጊ፦
አዎ ጃንዋሪ 1 1801። የመቶ ምናምን ሰው ነጻነት በእሷ ሞት ላይ ተንጠልጥሎ እቤቷ ውስጥ አብረዋት ይኖራሉ፣ ምግቧን የሚሠሩት እነሱ ናቸው። የወቅቱ ፕሬዚዳንት ሚስት አቢጌል አዳምስ ማውንት ቨርነንን ከጎበኘች በኋላ ለእህቷ በጻፈችው ደብዳቤ ላይ ማርታ ሕይወቷ በእጃቸው ደህና እንደሆነ እንደማይሰማት ገልጻለች። ለዛ ነው ያፋጠነችው። በራሷ ስም የነበራት አንድ ሰው ነበር፣ ኤሊሽ ይባላል፣ እሱን ነጻ ማውጣት ትችል ነበር ግን ለልጅ ልጇ አወረሰችው። ሥልጣን ነበራት አልነበራትም የሚለው ክርክር ላይ ኤሊሽን አትርሱ።

ጡረተኛው_ዳኛ፦
ይሄ ትክክል ነው፣ የኤሊሽ ጉዳይ በራሷ ኑዛዜ ላይ ያለ ነው።

ሰንበት_ተማሪ፦
እኔ ግን ዋሽንግተንን እንዲህ ማብጠልጠሉ ልክ አይመስለኝም ይቅርታ። በዘመኑ ማን እሱ ያደረገውን አደረገ? ሽማግሌዎቹ እስኪሞቱ ይጦሩ ብሏል፣ ወላጅ የሌላቸው ሕጻናት እስከ 25 ዓመታቸው ሙያና ንባብ ይማሩ ብሏል፣ እንዳይሸጡ ብሎ ከልክሏል። ጀፈርሰንን እዩት ሰው ሁሉ እኩል ተፈጠረ ብሎ ጽፎ በኑዛዜው ነጻ ያወጣው አምስት ሰው ነው። ሰውን በዘመኑ ነው መመዘን ያለብን።

ቡና_ጠጪ፦
@ሰንበት_ተማሪ ማንም አላብጠለጠለውም ወንድሜ፣ ጥያቄው የተከፋፈሉት ሰዎች ምን ሆኑ ነው። እኛ ሁሌ ስለ ጌታው ልብ ነው የምናወራው፣ ደግ ነበር ክፉ ነበር እያልን። ደግ ጌታ ያላቸው ሰዎችም ጌታው በሞተ ማግስት ጎተራው ውስጥ እንዳለ እህል ነው የሚሰፈሩት። ጀፈርሰንን ካነሳህ የጆሴፍ ፎሴትን ታሪክ እይ። አንጥረኛ ነበር፣ በኑዛዜው ከተፈቱት አምስቱ አንዱ እሱ ነው። ጀፈርሰን ጁላይ 4 1826 ሲሞት ከ100,000 ዶላር በላይ እዳ ነበረበት፣ ስለዚህ ወራሾች ከመካፈላቸው በፊት አበዳሪ ቀደመ። በጃንዋሪ 1827 ሞንቲቼሎ በሚባለው እርሻው ላይ 130 ሰው ለጨረታ ቀረበ፣ ከነሱ ውስጥ የጆሴፍ ሚስት ኢዲትና ልጆቻቸው አሉ። ለተለያየ ገዢ ነው የተሸጡት። እሱ በወረቀት ነጻ ሊወጣ ወራት ቀርቶታል ሚስቱና ልጆቹ ዓይኑ እያየ ይሸጣሉ። ከዛ አንጥረኛ ሆኖ እየሠራ ያቅሙን ያህል መልሶ ሲገዛ ኖረ። ልጁን ፒተርን ግን ለብዙ ዓመት ማስለቀቅ አልቻሉም፣ ሲሸጥ የ11 ዓመት ልጅ ነበር።

ሸዋ_በር፦
የራስን ልጅ መልሶ መግዛት… አምላኬ

የአሌክሳንድሪያዋ፦
እኔ ያላወቅኩት የእዳውን ነገር ነው። ግን ጋሼ የማርታዎቹ ለአራት ሲካፈሉ አሠራሩ እንዴት ነው? ዕጣ ነው የሚጣለው?

ጡረተኛው_ዳኛ፦
የዚያን ዘመን የውርስ አሠራር በጠቅላላው ልንገርሽ። ሰውየው ሲሞት ፍርድ ቤቱ ከአካባቢው ሦስት አራት የተከበሩ ሰዎችን ገማች አድርጎ ይሾማል። ይምላሉ። ከዛ ግቢው ድረስ ይመጡና ከማረሻው፣ ከአልጋው፣ ከላምና ከበጉ ጋር እያንዳንዱን ሰው አይተው በስሙ አንጻር ዋጋ ይጽፋሉ። ጉልበት ያለው ጎልማሳ ከፍ ይላል፣ ልጅ ልትወልድ የምትችል ሴት ዋጋዋ የወደፊት ልጆቿን ያሰላል፣ አንጥረኛና አናጢ ውድ ነው፣ የሸመገለው ሰው ባዶ ይጻፍበታል አንዳንዴም ወጪ ነው ተብሎ ከዜሮ በታች። ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ በዋጋ እኩል የሚሆኑ ምድቦች ያበጃሉ፣ አራት ወራሽ ካለ አራት ምድብ። ብዙ ቦታ ዕጣ ይጣላል። አንዱ ምድብ በጥቂት ገንዘብ ከበለጠ የደረሰው ወራሽ ልዩነቱን ለሌላው በጥሬ ገንዘብ ይከፍላል።

እዚህ ላይ ነው ቤተሰብ የሚፈርሰው። ገማቹ የሚያመጣጥነው ዋጋን ነው። እናትና አምስት ልጅ በአንድ ምድብ ካስገባ ያ ምድብ ይከብዳል፣ ስለዚህ ከፍ ያሉትን ልጆች አውጥቶ ሌላው ላይ ይጨምራል፣ ጡት የሚጠባውን ብዙ ጊዜ ከእናቱ ጋር ይተዋል። ባልና ሚስት የሚባል ነገር ሕጉ አያውቅም፣ የባሪያ ጋብቻ በሕግ ፊት አይጸናም ነበርና። እኔ የእህትና ወንድም የመሬት ክርክር ስዳኝ ነበር፣ ሽማግሌ ተቀምጦ አንድ ጥማድ በሬ ለሁለት አንለያይም የሚል ነገር ሰምቻለሁ። ይሄን መዝገብ ሳነብ ያ ነው የሚታወሰኝ፣ ለበሬው የታሰበው ለእናትና ልጅ አልታሰበም።

ማርታ ሜይ 22 1802 ሞተች። ልጇ ጃኪ ቀድሞ በ1781 ስለሞተ ድርሻው ለአራቱ ልጆቹ ሄደ፣ ለኤሊዛ፣ ለማርታ፣ ለኔሊና ለጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክ ከስቲስ።

ጆርጅታውን_ፓርኪንግ፦
ቦታዎቹን ላሳያችሁ ሁላችንም በየቀኑ የምናልፍባቸው ናቸው እኮ። ማርታ የምትባለዋ ቶማስ ፒተርን አግብታ ጆርጅታውን ቱዶር ፕሌስ የሚባለው ቤት ነበሩ፣ ዛሬ ሙዚየም ነው እኔ ከምሠራበት ጥቂት መንገድ ነው። ኔሊ ዉድሎውን ነበረች እሱ ከማውንት ቨርነን ቅርብ ነው። ወንድየው አርሊንግተንን ሠራ፣ መካነ መቃብሩ ላይ ከላይ የሚታየው ባለ ትላልቅ አምድ ቤት የሱ ነው። ኤሊዛ ዲሲ። በመኪና ብትቆጥሩት አጭር መንገድ ነው፣ በእግር ያውም ከጌታ ፈቃድ ወረቀት አስወጥቶ ለሚሄድ አባት ግን ልጆቹን አንዷን ጆርጅታውን አንዷን አርሊንግተን ለማየት እሁድ አንድ ቀን አይበቃውም። ማውንት ቨርነን እያሉም ብዙዎቹ ባሎች ሌላ እርሻ ላይ ስለሆኑ ሚስታቸውን የሚያዩት በእረፍት ቀን ነበር፣ ከክፍፍሉ በኋላ እሱም ቀረ።

የባልቲሞሩ፦
ኦና ጀጅን ማንም አላነሳትም? እሷም የከስቲስ ውርስ ናት። ፊላደልፊያ ፕሬዚዳንቱ ቤት የማርታ ገረድ ነበረች፣ የልጅ ልጅዋ ኤሊዛ ስታገባ ለሷ እንደምትሰጥ ሰማች፣ ሜይ 21 1796 እነሱ እራት ሲበሉ ወጥታ ሄደች። ኒው ሃምፕሸር ገባች። ዋሽንግተን ሰው ልኮ ሊያስመልሳት ሞከረ አልተመለሰችም። እዛ አግብታ ወለደች፣ ግን በሕግ ፊት እስከ ሞተችበት 1848 ድረስ የከስቲስ ንብረት ነበረች፣ ነጻ አገር የወለደቻቸው ልጆቿም እንደዛው፣ ከጋሼ 1662 ሕግ የተነሳ ማለት ነው። የወጣችው ግፍ በዝቶባት አይደለም ብዙ ሰው እንደዛ ይመስለዋል፣ ነጻ መሆን ስለፈለገችና ለማን እንደምትደርስ ስላወቀች ነው።

ሄርኩለስንም ጨምሩ፣ የፕሬዚዳንቱ ዋና ወጥ ቤት ሠራተኛ፣ ዝናው የታወቀ። በ1797 በዋሽንግተን ልደት ቀን ከማውንት ቨርነን ጠፋ። እሱ የዋሽንግተን ስለነበር 1801 ላይ ሌሎቹ ነጻ ሲወጡ እሱም በሕግ ነጻ ሆነ። ሚስቱ አሊስ ግን የከስቲስ ነበረች ቀድማ ሞታለች፣ ስለዚህ ሦስቱ ልጆቻቸው ሪችመንድ፣ ኤቪና ዴሊያ የከስቲስ ሆነው ቀሩ። አባት ነጻ፣ ልጆች የውርስ ድርሻ። የአሌክሳንድሪያዋ ለልጅሽ አንድ ታሪክ ብቻ ከነገርሽያት ይሄንን ንገሪያት፣ ሁሉም ነገር እዚህ ቤተሰብ ውስጥ አለ።

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ሪችመንድ፣ ኤቪ፣ ዴሊያ። ጻፍኳቸው። አመሰግናለሁ

የባልቲሞሩ፦
ሌላ አንድ ነገር ደግሞ፣ እስካሁን ያወራነው ከመዝገቡ በኩል ነው፣ ከተቆጠሩት በኩል ሆኖ የተናገረ ሰው አለ፣ ኋላ ባርነትን በመቃወም ስሙ የገነነው ፍሬድሪክ ዳግላስ። ሜሪላንድ ቱካሆ የሚባል ቦታ ጌታው አሮን አንቶኒ በ1826 ሳይናዘዝ ሞተ፣ ጥቂት እርሻና ወደ ሠላሳ ሰው ነበረው። በጣም ትልቅ ሀብታም አይደለም፣ የሌላ ሀብታም እርሻ አስተዳዳሪ ነው። ዳግላስ ያኔ ገና ልጅ ነው፣ እኔው ሰፈር ባልቲሞር ሌላ ቤት ይሠራል፣ ግን ንብረት ስለሆነ ለግመታ ተመለስ ተባለ። በ1845 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ላይ የጻፈው ይሄን ነው፣ ወንድ ሴት ሽማግሌ ሕጻን ሁሉም ከፈረስ ከበግና ከአሳማ ጋር በአንድ ሰልፍ ተቆመ፣ ሁሉም እኩል ተመረመረ። ከዛ ደግሞ የክፍፍሉ ቀን መጣ። ሁሉም የሚፈራው የሟቹን ልጅ አንድሪውን ነበር፣ ሰካራም ነው፣ ከጥቂት ቀን በፊት የዳግላስን ወንድም በጉሮሮው ይዞ መሬት ጥሎ ከአፍንጫውና ከጆሮው ደም እስኪፈስ ጭንቅላቱን በጫማው ረግጦታል። ለሱ ከደረስክ አለቀልህ ማለት ነው። ወራሾቹ ሁለት ወንዶች ልጆችና የሞተች ሴት ልጁ ባል ቶማስ ኦልድ ነበሩ፣ ዳግላስ ለኦልድ ደረሰና ወደ ባልቲሞር ተመለሰ። ፊደል የቆጠረው እዛ ነው፣ ያመለጠውም በ1838 ከባልቲሞር ነው። ለአንድሪው ቢደርስ ኖሮ እኛ ዛሬ ዳግላስ የሚባል ሰው ባላወቅን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሰንበት_ተማሪ፦
ይሄን አንብቤ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ወንድሙ ለማን ደረሰ?

የባልቲሞሩ፦
ፔሪ ይባላል፣ ለአንድሪው ነው የደረሰው።

አርሊንግተን_ኡበር፦
እኔ ጆርጅታውን_ፓርኪንግ ካቆመበት ልቀጥል ምክንያቱም የከስቲስ ውርስ በ1802 አላለቀም። አርሊንግተንን የሠራው የልጅ ልጅ ኦክቶበር 1857 ሞተ፣ ወደ 200 ሰው ይዞ። ኑዛዜው ላይ ሰዎቹ ከአምስት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ነጻ ይውጡ አለ። ግን እዛው ኑዛዜ ላይ ለአራት ሴት የልጅ ልጆቹ ለእያንዳንዳቸው 10,000 ዶላር ይሰጣቸው አለ፣ እዳም ነበረበት። አስፈጻሚው ማነው ካላችሁ አማቹ ሮበርት ኢ ሊ፣ ኋላ በእርስ በርስ ጦርነቱ የደቡብ ጦር አዛዥ የሆነው። ሊ ያደረገው ምንድነው፣ እዳው ይከፈል የልጆቹ ብር ይሙላ መጀመሪያ ብሎ ሰዎቹን አጥብቆ ያሠራቸው ጀመር፣ አንዳንዶቹን ለሌላ ሰው በኪራይ ራቅ ወዳለ ቦታ ሰደዳቸው። ሰዎቹ ደግሞ ሽማግሌው እኔ ስሞት ነጻ ናችሁ ብሎናል ይላሉ። ዌስሊ ኖሪስ የሚባለው ከእህቱና ከአንድ ዘመዱ ጋር በ1859 ጠፉ፣ ሜሪላንድ ላይ ተያዙ፣ ተመልሰው ተገረፉ። ኖሪስ ከጦርነቱ በኋላ 1866 ላይ ይሄን በቃሉ ተናግሮ ታትሟል። ሊ ጊዜው ይራዘምልኝ ብሎ ፍርድ ቤት ሄዶም ነበር፣ አልተፈቀደለትም፣ በመጨረሻ ዲሴምበር 29 1862 ላይ የነጻነት ወረቀቱን ፈረመ፣ አምስቱ ዓመት ካለፈ በኋላ።

ጋሽ ዳኛ ያሉት አላባ ደግሞ እዚህም አለ፣ አርሊንግተን ለሴት ልጁ ለሜሪ በሕይወት እስካለች፣ ከዛ ለትልቁ የልጅ ልጅ ለከስቲስ ሊ ነው የሚለው ኑዛዜው። በጦርነቱ መንግሥት በግብር ምክንያት ወሰደው፣ መቃብር አደረገው። ከጦርነቱ በኋላ ከስቲስ ሊ ከሰሰ፣ በ1882 ጠቅላይ ፍርድ ቤት አምስት ለአራት ፈረደለት፣ በ1883 መንግሥት 150,000 ዶላር ከፈለው። ለወራሹ ማለት ነው። ያን ቤት የሠሩት፣ ያን መሬት ያረሱት ሰዎች ከዛ ብር አንድ ሳንቲም አልደረሳቸውም። ደንበኛ ይዤ እዛ በር ላይ በወረድኩ ቁጥር ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

መዝገብ_ፈላጊ፦
ሲፋክሶችን አትርሳ። አርሊንግተንን የሠራው የከስቲስ ልጅ ማሪያ ካርተር ሲፋክስ፣ እናቷ አሪያና ባሪያ ነበረች። አባትየው ነጻ አውጥቶ ከአርሊንግተን 17 ኤከር ሰጣት ግን ወረቀት አልጻፈላትም፣ ኑዛዜውም ላይ የለችም። መንግሥት ግቢውን ሲወስድ የሷም አብሮ ሄደ። ልጇ ዊልያም ሲፋክስ ተከራክሮ በ1866 ኮንግረስ በልዩ ሕግ መለሰላት። እኔ እንደማውቀው ከዛ ሁሉ የከስቲስ ርስት መሬት በእጇ የቀረላት ባሪያ ሆና የተወለደች ልጅ እሷ ናት።

ቡና_ጠጪ፦
ይሄን ሁሉ ስናነብ የኛን ጉዳይ ማን ያነሳዋል? እኛም ቤት ሰው ውርስ ሆኗል፣ ለሙሽራ ጥሎሽ ሆኖ ተሰጥቷል።

ያያ_ቤት፦
እኔ ላንሳው። የአባቴ ወገን ቤት ውስጥ እስከ ዛሬ የማይነገር ታሪክ አለ። ቅድመ አያቴ ሲሞቱ ከብቱና መሬቱ ሲከፋፈል አንዲት ሴት ከነልጇ ነበረች፣ እሷ ለታላቅየው ልጁ ለታናሽየው ደረሰ። ታናሽየው ሩቅ አገር ነበር የሰፈረው፣ ልጁን ይዞት ሄደ። አክስቴ ነች የነገረችኝ፣ ሴትየዋ ገበያ ቀን መንገድ ዳር ወጥታ ከዛ አቅጣጫ የሚመጣ ነጋዴ ሁሉ ታስቆም ነበር ብላ፣ ልጄን አይታችኋል ወይ እያለች። የሷ ዘሮች ዛሬ የት እንዳሉ አናውቅም፣ ፈልገንም አናውቅም፣ ምክንያቱም ጥያቄውን ማንሳት ነውር ነው ተብሎ አደግን። እኔ ነውሩ መጠየቁ አይመስለኝም። ዘመዶቼ ይሄን ካነበባችሁ እወቁት፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ አልጠፋውም።

ሸዋ_በር፦
ያያ_ቤት ጀግና ነሽ ወይም ነህ። እኛም ቤት እንዲህ ያለ አለ

ጡረተኛው_ዳኛ፦
ልጄ የጻፍሽው እውነት ነው፣ በብዙ ቤት አለ። በሕጉ በኩል ልጨምርበት። በእኛ አቆጣጠር በ1916 ዓ.ም. አገራችን ወደ መንግሥታት ማኅበር በገባች ጊዜ በዚያው ዓመት ራስ ተፈሪ ስለ ባሪያዎች ነጻነት ሕግ አወጡ። በ1923 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ሕግ ወጣ፣ ከያዛቸው ነገሮች አንዱ ጌታው ሲሞት ባሪያው ነጻ እንዲወጣ፣ ለወራሽ እንዳይተላለፍ የሚል ነው። ሕግ አውጪው መላ ባርነቱን በአንድ ቀን ለማስቀረት ጉልበት ባይኖረው እንኳ ውርሱን ቀድሞ ለመቁረጥ ማሰቡ ትክክል ነበር እላለሁ፣ የተፈጸመው ግን በጥቂቱ ነው። ጨርሶ የታገደው ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። ስለዚህ ቅድመ አያትሽ የሞቱበትን ዓመት ካወቅሽ፣ ክፍፍሉ በዚያን ጊዜ ሕግ የተፈቀደ ይሁን የተከለከለ መለየት ይቻላል። ከ1923 በኋላ ከሆነ ያቺ ሴት በዚያን ቀን ነጻ ሰው ነበረች፣ ማንም አልነገራትም እንጂ።

ያያ_ቤት፦
ጋሼ ሴት ነኝ። ከጣልያን ትንሽ ቀደም ብሎ ነው የሞቱት ይላሉ። አክስቴን ዓመቱን አጥርቼ እጠይቃታለሁ።

ጡረተኛው_ዳኛ፦
ጠይቂያት ልጄ፣ ዛሬ ነገ ሳትዪ። ልጁ የሄደበትን አገር ስምም ጠይቂያት። እነዚህ እኮ የተጻፈ ስለሌላቸው አክስትሽ ናት መዝገባቸው።

መዝገብ_ፈላጊ፦
@የአሌክሳንድሪያዋ አንድ የሚጠቅምሽ ነገር ልተውልሽ። እዚህ አገር ጥቁር አሜሪካውያን ዘራቸውን ሲፈልጉ በ1870ው የሕዝብ ቆጠራ ላይ ግድግዳ ይገጥማቸዋል፣ ከዛ በፊት በነበሩት የ1850 እና 1860 የባሪያ ቆጠራዎች ላይ የሚጻፈው የጌታው ስም ነው፣ ሰዎቹ በዕድሜና በጾታ ብቻ። ስማቸው የሚገኘው የት ነው ካልሽ አብዛኛውን ጊዜ እነዚሁ የውርስ ዝርዝሮች ላይ ነው። የሚያዋርዳቸው ያ ግመታ የጻፈው ስም ነው ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ይዘውት የሚፈልጓቸው። ዋሽንግተን በእጁ የጻፈው ኑዛዜ ዋናው ፌርፋክስ ፍርድ ቤት ነው ያለው፣ የታሪክ መዝገብ ክፍል አላቸው፣ ከነሱ መዝገቦች ውስጥ በባርነት የነበሩ ሰዎችን ስም ያወጡበት ማውጫም ሠርተዋል፣ ኦንላይን ይታያል።

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ፌርፋክስ? በየሳምንቱ እየሄድኩ አላውቅም ነበር። ሕጻን ይዞ መግባት ይቻላል?

መዝገብ_ፈላጊ፦
ቀድመሽ ደውለሽ ምን ማየት እንደምትፈልጊ ንገሪያቸው። የዋሽንግተኑን ዋናውን አያስነኩም፣ ሌሎቹን የውርስ ዝርዝሮች ግን ያሳያሉ፣ ጽሑፉ አሮጌ የእጅ ጽሑፍ ስለሆነ ልጅቷ ለማንበብ ይከብዳታልና መጀመሪያ ኦንላይን ያለውን ማውጫ አብራችሁ እዩት፣ የእርሻውን ባለቤት ስም አስገብታችሁ ፈልጉ።